የባንክ ኪሳራ መቼ ይነገራል?

የባንክ ሀብት በአብዛኛው ሕንፃ ወይም በካዝና የተከማቸ ጥሬ ገንዘብ ሳይሆን ሌላ ሰው ወደፊት ሊከፍለው የገባለት ቃል ነው። ለነጋዴ የሰጠው ብድር፣ ከመንግሥት የገዛው ቦንድ፣ የግምጃ ቤት ሰነድ፣ የያዘው የሌላ ኩባንያ አክሲዮን ሁሉ ነገ የሚመጣ ገንዘብ ተስፋ ናቸው። ዓመቱ አልቆ ሒሳብ ሲዘጋ እንግዲህ አንድ ጥያቄ አይቀርም፤ ይህ ሁሉ ተስፋ ዛሬ ስንት ያወጣል? ለጥያቄው ሁለት መልሶች አሉ። አንደኛው የወጣበትን ዋጋ መዝግቦ፣ ከፋዩ እስካልከዳ ድረስ ቁጥሩን ሳይነኩ ማቆየት ነው። ሁለተኛው ሒሳቡ በሚዘጋበት ዕለት ሀብቱ ለፈቃደኛ ገዢ ቢሸጥ የሚያስገኘውን ገንዘብ መመዝገብ ነው፤ የሒሳብ ባለሙያዎች ፌር ቫልዩ የሚሉት ይህንኑ ነው። ነገሩ ለኦዲተሮች የተተወ የሙያ ዝርዝር ይመስላል። ታሪኩን የተከታተለ ሰው ግን ሚኒስትሮችና ፕሬዚዳንቶች ሳይቀሩ የገቡበት ከባድ ሙግት ሆኖ ያገኘዋል። የአመዛዘን ልማድ ኪሳራን አይፈጥርም፣ አያጠፋውምም፤ ኪሳራውን ማን ቀድሞ እንደሚያውቀውና ማን በመጨረሻ እንደሚከፍለው ግን ይወስናል። የወጣበትን ዋጋ ይዞ የመቆየት ልማድ ጥንቃቄ እየተባለ ሲወደስ ኖሯል፤ በባንኮች እጅ ሲገባ ግን ክፉ ወሬን የማዘግያ መሣሪያ ሆኖ አገልግሏል የሚል እምነት አለኝ።

ልማዱ ሲጀመር እንዲህ አልነበረም። በፈረንሳይ የሉዊ 14ኛው ሚኒስትር ኮልቤር በ1673 ባስወጡት የንግድ ሕግ (በዚህ ጽሑፍ «ዓ.ም.» ያልተጻፈባቸው ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ነጋዴዎች በየሁለት ዓመቱ ንብረታቸውን ቆጥረው እንዲመዘግቡ ታዘዙ። ሕጉን በማዘጋጀት የተሳተፉት ዣክ ሳቫሪ ከሁለት ዓመት በኋላ ለነጋዴዎች ባሳተሙት መመሪያ፣ ቆይቶ ዋጋው የወረደ ዕቃ በተገዛበት ሳይሆን በወረደው ዋጋ እንዲቆጠር መከሩ። ጤፍ በውድ ገዝቶ መጋዘን ያስገባ ነጋዴ ገበያው ከወረደ በኋላም ሀብቱን በድሮው ዋጋ ቢቆጥር ራሱንና አበዳሪውን ማታለሉ ነው። በጀርመን ምድር ደግሞ በ1861 የወጣው የንግድ ሕግ ሀብት ሁሉ ሒሳቡ በሚዘጋበት ቀን ባለው ዋጋ እንዲመዘገብ አዝዞ ነበር። በፈረንሳይ ላይ ከተገኘው ድል በኋላ በተነሳው የአክሲዮን ግርግር ኩባንያዎች በዚህ ነጻነት ሀብታቸውን አሳብጠው መዘገቡ፤ በእጅ ካልገባ ትርፍም ድርሻ አከፋፈሉ። በ1873 ገበያው ተንኮታኮተ። ከዚህ የተማረው የ1884ቱ የአክሲዮን ኩባንያዎች ሕግ ለገበያ የሚቀርቡ ሰነዶችና ዕቃዎች ከተገዙበት ዋጋ በላይ እንዳይመዘገቡ ከለከለ። ይህ ሕግ ያቆመው ጣሪያ ነው፤ የገበያው ዋጋ ከግዢው በታች ሲወርድ የወረደው ይመዝገብ የሚለውን ትእዛዝ አልሻረም። የቀድሞው የጥንቃቄ ልማድ ስለዚህ ሁለት ትእዛዝ ነበረው፤ ትርፍን አታስቀድም፣ ኪሳራን አታዘግይ። ባንኮች በኋላ ዘመን አጥብቀው የያዙት የመጀመሪያውን ብቻ ነው።

ሁለተኛው ትእዛዝ ለባንኮች በይፋ የላላው በአሜሪካ ነው። ከ1929ኙ የአክሲዮን ገበያ ውድቀት በኋላ የመንግሥት መርማሪዎች ባንክ ሲፈትሹ ቦንዶችን በገበያ ዋጋ ይመዝኑ ነበር። የቦንድ ዋጋ ስለወረደ ብዙ ባንኮች ካፒታላቸው ተሟጦ ታየ፤ ካፒታል ያነሰው ባንክ ብድር ይቀንሳል፣ ጥሬ ገንዘብ ለማግኘትም ቦንዱን ይሸጣል፤ ሁሉም ሲሸጥ ዋጋው የባሰ ይወርዳል። የፌዴራል ሪዘርቩ ሊቀ መንበር ማሪነር ኤክልስ ይህ አዙሪት ኢኮኖሚውን እያነቀው ነው ብለው ተከራከሩ። በሰኔ 1938 ግምጃ ቤቱ፣ ፌዴራል ሪዘርቩ፣ የተቀማጭ መድን ድርጅቱና የብሔራዊ ባንኮች ተቆጣጣሪው አንድ ስምምነት ላይ ደረሱ፤ ጥሩ ጥራት ያላቸው ቦንዶች በመዝገብ ዋጋቸው ይያዙ፣ ጥራታቸው ዝቅ ያለው ደግሞ ባለፉት 18 ወራት አማካይ የገበያ ዋጋ ይመዘኑ ተባለ። ይህን ውሳኔ ስሕተት ነበር ለማለት አልደፍርም። ገዢ በጠፋበት ቀን የተሰማ ዋጋ ስለ ቦንዱ ሳይሆን ስለ ቀኑ ፍርሃት የሚናገርበት ጊዜ አለ፤ የ18 ወሩ አማካይም ይህንኑ ለማለዘብ የታሰበ ብልሃት ነበር። ችግሩ የመጣው በኋላ ነው። ለክፉ ቀን የተሰጠው ፈቃድ የደህናው ቀን ልማድ ሆኖ ቀረ። እስከ 1960ዎቹ አጋማሽ ድረስ የወለድ ተመን ብዙም ስላልተናወጠ በመዝገቡና በገበያው መካከል ያለው ልዩነት ጎልቶ አልወጣም፤ ጎልቶ ያልወጣን ነገር ደግሞ የሚጠይቅ የለም።

ጥያቄው የተመለሰው በ1970ዎቹ፣ ወለድና የዋጋ ንረት አብረው ሲነሱ ነው። በ1975 የኒው ዮርክ ከተማ ዕዳዋን መክፈል አቅቷት ከአበዳሪዎቿ ጋር የዕዳ ማሸጋሸግ ድርድር ውስጥ ገባች። እንዲህ ባለ ሽግሽግ የባንኮች ኪሳራ ወዲያው ይመዝገብ ወይ የሚል ክርክር ሲነሳ ባንኮቹ አጥብቀው ተቃወሙ። በ1977 የወጣው የአሜሪካ የሒሳብ ደረጃም ለእነሱ አደላ፤ ተበዳሪው ወደፊት የሚከፍለው ድምር በመዝገብ ካለው ብድር ካላነሰ ኪሳራ የለም አለ። በዚህ ስሌት 100 ዶላር ያበደረ ባንክ ከ20 ዓመት በኋላ ያለ ምንም ወለድ 100 ዶላሩ ቢመለስለት አንድ ሳንቲም አልከሰረም። የሰፈር አራጣ አበዳሪ እንኳን ይህን ቢሰማ ይስቃል። በነሐሴ 1982 ሜክሲኮ ዕዳዋን መክፈል እንደማትችል ስታስታውቅ፣ ሌሎች የላቲን አሜሪካ አገሮችም ሲከተሏት፣ ያው ልማድ ቀጠለ። ብድሮቹ በባንኮች መካከል በቅናሽ ይሸጡ ጀመር፤ በመዝገብ ላይ ግን ሙሉ ዋጋቸውን እንደያዙ ቆዩ። በግንቦት 1987 የሲቲኮርፕ ሊቀ መንበር ጆን ሪድ ባንካቸው ለእነዚህ ብድሮች 3 ቢሊዮን ዶላር መጠባበቂያ መያዙን ተናገሩ። ባንኩ በዚያ ሩብ ዓመት ግዙፍ ኪሳራ አስመዘገበ፤ የአክሲዮኑ ዋጋ ግን እንደተፈራው አልወደቀም፣ እንዲያውም ወጣ። ባለአክሲዮኖች እውነቱን ቀድመው ያውቁት ነበር፤ ሲጠብቁ የኖሩት ባንኩ ራሱ ማወቁን እንዲያምን ነው።

ከሁሉም የከፋው ግን የአሜሪካ የቁጠባና የቤት ብድር ተቋማት ታሪክ ነው። ሥራቸው ቀላል ነበር፤ በማንኛውም ቀን ሊወጣ የሚችል ቁጠባ ይሰበስቡና ለ30 ዓመት በማይለወጥ ወለድ ለቤት ገዢ ያበድራሉ። ከጥቅምት 1979 ጀምሮ በፖል ቮልከር የሚመራው ፌዴራል ሪዘርቭ የዋጋ ንረትን ለመስበር ወለድን ሲያንረው፣ በ1981 መገባደጃ አዲስ የቤት ብድር ወለድ ከ18 በመቶ በላይ ደረሰ። ስሌቱን እንሥራው። ሙሉ 30 ዓመት የሚቀረውና 6 በመቶ የሚከፍል የ100,000 ዶላር የቤት ብድር፣ ገበያው 15 በመቶ በሚጠይቅበት ቀን የሚያወጣው 47,000 ዶላር ገደማ ነው። ተበዳሪው አንድ ወር እንኳን አላጓደለም፤ ቤቱ ቆሟል፣ ክፍያው በየወሩ ይመጣል፤ ከሀብቱ ግን ከግማሽ በላይ ጠፍቷል። መዝገቡ ዛሬም 100,000 ይላል። ተቋማቱ በገበያ ዋጋ ቢመዘኑ በ1981 እና በ1982 ዘርፉ በጥቅሉ የከሰረ እንደነበር ተቆጣጣሪዎቹም አላጡትም። ምላሻቸው ግን ሚዛኑን ማስተካከል ሳይሆን ማላላት ሆነ። ሊይዙት የሚገባውን ዝቅተኛ ካፒታል ከ5 በመቶ ወደ 4፣ ከዚያም ወደ 3 በመቶ አወረዱት፤ ብድሩን በኪሳራ የሸጠ ተቋም ኪሳራውን ለብዙ ዓመት ከፋፍሎ እንዲመዘግብ ፈቀዱ። ኮንግረሱም ቀደም ብሎ በ1980 ለአንድ አስቀማጭ የሚሰጠውን መድን ከ40,000 ወደ 100,000 ዶላር አሳድጎት ነበር። የራሱ ገንዘብ ያለቀበት፣ አስቀማጮቹ ግን በመንግሥት መድን የተማመኑለት ተቋም ምን ያደርጋል? የሚያጣው ስለሌለው በሌላው ገንዘብ ይቆምራል። ብዙዎቹ ያደረጉትም ይህንኑ ነው፤ በተለይ በቴክሳስ በመሬትና በግንባታ ላይ ገንዘቡን በተኑት። ከ1986 እስከ 1995 ድረስ 1,043 ተቋማት ተዘጉ፤ ለማጽዳት ከወጣው 153 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ውስጥ 124 ቢሊዮኑን የከፈለው ግብር ከፋዩ ነው። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም የሚለው አባባላችን እዚህ ላይ የጎደለው ነገር ቢኖር፣ በሽታውን የደበቀው አንዱ ሆኖ የመድኃኒቱን ዋጋ የከፈለው ሌላው መሆኑን አለመናገሩ ነው።

ከዚህ ውድመት በኋላ በመስከረም 1990 የአሜሪካ የሰነደ ሙዓለ ነዋይ ኮሚሽን ሊቀ መንበር ሪቻርድ ብሪደን በሴኔት ፊት ቀርበው ባንኮች የሰነድ ሀብታቸውን በገበያ ዋጋ እንዲመዘግቡ ጠየቁ። በኅዳር የፌዴራል ሪዘርቩ ሊቀ መንበር አለን ግሪንስፓን የተቃውሞ ደብዳቤ ጻፉላቸው። የባንክ ዋና ሥራ መነገድ ሳይሆን ማበደርና እስኪመለስ መጠበቅ ስለሆነ፣ የዕለት ዋጋ አያሳየውም የሚል ነበር ክርክሩ። ክርክሩ ክብደት አለው፤ የባንኮቹ የዕለት ተግባር ግን ያፈርሰዋል። አንድ ባንክ በ100 የገዛቸው ሁለት ቦንዶች ቢኖሩትና አንዱ 110፣ ሌላው 90 ቢሆን፣ ባለ 110ሩን ሸጦ 10 ትርፍ ይመዘግባል፤ ባለ 90ውን በ100 እንደያዘ ይቀመጣል። በመዝገቡ አትርፏል፣ በእውነቱ ግን ያለበት ነው። ይህ አሠራር ተስፋፍቶ ስለነበር «እስኪመለስ እንጠብቃለን» የሚለው ቃል ለከሰረው ቦንድ ብቻ የሚሠራ ሆኖ ተገኘ። በግንቦት 1993 የወጣው የአሜሪካ የሒሳብ ደረጃ ማስታረቂያ አበጀ፤ ለንግድ የተያዘው በገበያ ዋጋ ተመዝኖ ልዩነቱ ወደ ትርፍና ኪሳራ ይግባ፣ ሊሸጥ የሚችለው በገበያ ዋጋ ተመዝኖ ልዩነቱ በካፒታል ውስጥ ይታይ፣ እስከ መክፈያ ቀኑ የሚያዘው ደግሞ በመዝገብ ዋጋው ይቆይ። ዓለም አቀፉ የሒሳብ ደረጃ 39ም በተመሳሳይ መንገድ ሄደ። በአውሮፓ ሙግቱ እስከ ቤተ መንግሥት ዘለቀ፤ በሐምሌ 2003 የፈረንሳዩ ፕሬዚዳንት ዣክ ሺራክ ለአውሮፓ ኮሚሽን ፕሬዚዳንት ሮማኖ ፕሮዲ ደረጃው የገንዘብ ሥርዓቱን መረጋጋት ይጎዳል ብለው ጻፉ። የአንድ አገር መሪ ስለ ሒሳብ አያያዝ ደብዳቤ መጻፋቸው የሙግቱን ዓይነት ያሳያል።

ዋጋው እንዴት ይገኛል ለሚለው ዛሬ የሚሠራበት መልስ በአሜሪካ በ2006፣ በዓለም አቀፉ ደረጃ 13 ደግሞ በ2011 ተደነገገ። ዋጋው ባንኩ የሚመኘው ሳይሆን በዕለቱ በተረጋጋ ግብይት ውስጥ ያለ ሌላ ገዢ የሚከፍለው ነው፤ የተገኘበት መንገድም በሦስት ደረጃ ይከፈላል። በአንደኛው፣ ያው ሰነድ ራሱ በገበያ ይሸጣል፤ ዋጋው ይነበባል፣ ክርክር የለም። በሁለተኛው፣ ያው ሰነድ ባይሸጥም የሚመስለው ይሸጣል፤ የተመሳሳይ ቦንድ ወለድ ወይም የምንዛሪ ተመን ተወስዶ ይሰላል። በሦስተኛው፣ የሚታይ ነገር ስለሌለ ባንኩ የሚጠብቀውን ገንዘብ፣ የሚፈራውን ስጋትና ተገቢ የሚለውን ወለድ በራሱ ሞዴል ውስጥ አስገብቶ ይገምታል። የፌር ቫልዩ ተቃዋሚዎች እጅግ የሚበረቱት እዚህ ላይ ነው፤ በእኔ ግምትም ከክርክራቸው ሁሉ ጠንካራው ይህ ነው። ኤንሮን የተባለው የአሜሪካ የኃይል ኩባንያ የረጅም ዘመን ውሎቹን በራሱ ግምት እየመዘነ የወደፊቱን ትርፍ በፈረመበት ቀን ይመዘግብ ነበር። በ2000 ከብሎክባስተር ጋር ለገባው የ20 ዓመት የፊልም ስርጭት ውል ከ110 ሚሊዮን ዶላር በላይ ትርፍ መዘገበ፤ ውሉ በዓመቱ ፈረሰ፣ ኩባንያው ራሱም በታኅሣሥ 2001 ወደቀ። ይህ የ1873ቱ የጀርመን በሽታ ነው፤ ትርፍን ማስቀደም። ነገር ግን ግምት የሚኖረው በሦስተኛው ደረጃ ብቻ አይደለም። በመዝገብ ዋጋ የተያዘ ብድርም ከውስጡ ምን ያህሉ እንደማይመለስ በባንኩ ግምት ይቀነስለታል። የመዝገብ ዋጋ ከግምት የጸዳ የሚመስለው ግምቱ ጎልቶ ስለማይነገርበት ነው፤ ሦስተኛው ደረጃ ቢያንስ የተጠቀመበትን ወለድና ስጋት በማስታወሻ እንዲገልጽ ይገደዳል።

ሌላው ተቃውሞ የ2008ቱ ቀውስ ነው። ነሐሴ 9 ቀን 2007 ቢኤንፒ ፓሪባ በአሜሪካ የቤት ብድር ላይ የተመሠረቱ ሰነዶችን መመዘን አልቻልኩም ብሎ ከሦስት ፈንዶቹ ገንዘብ ማውጣትን አገደ። በዓመቱ ዓለም ስትናወጥ ብዙ የባንክ ሰዎች ጥፋቱን በሚዛኑ ላይ ጣሉት፤ የገበያ ዋጋ የግድ ኪሳራ አስመዘገበን፣ ኪሳራው ሽያጭ አስከተለ፣ ሽያጩ ዋጋ አወረደ አሉ፤ የኤክልስ አዙሪት ማለት ነው። በጥቅምት 2008 የዓለም አቀፉ ደረጃ አውጪ ቦርድ በአውሮፓ መሪዎች ግፊት፣ የተለመደውን የሕዝብ ምክክር ሳያደርግ፣ ባንኮች ሰነዶቻቸውን ወደ ኋላ ተመልሰው ከጥቅምት በፊት ባለው ዋጋ ወደ መዝገብ ዋጋ እንዲያዛውሩ ፈቀደ። ዶይቸ ባንክ በዚህ ፈቃድ ከ800 ሚሊዮን ዩሮ በላይ ቅናሽ ከመመዝገብ ዳነ፤ ኪሳራ ሊሆን የነበረው ሩብ ዓመትም ትርፍ ሆኖ ወጣ። ገበያ ሲዘጋ የሚሰማ ዋጋ ሁሉ እውነተኛ ዋጋ እንዳልሆነ እቀበላለሁ፤ ደረጃው ራሱም በግድ የተደረገ ሽያጭን እንደ መለኪያ አይቆጥርም። ባንኮቹን የጣላቸው ግን ሚዛኑ ነው? የአሜሪካ የሰነደ ሙዓለ ነዋይ ኮሚሽን በታኅሣሥ 2008 ለኮንግረስ ያቀረበው ጥናት በዚያ ዓመት ለወደቁት ባንኮች ፌር ቫልዩ ጉልህ ምክንያት እንዳልነበር፣ የጣላቸው የብድር ኪሳራና የእምነት መጥፋት መሆኑን ደመደመ። በአገሪቱ ታሪክ ትልቁ የባንክ ውድቀት በመስከረም 2008 የደረሰበት 307 ቢሊዮን ዶላር ሀብት የነበረው ዋሽንግተን ሙቹዋል ነው፤ ሀብቱ በብዛት በመዝገብ ዋጋ የተያዘ የቤት ብድር ነበር። በገበያ ዋጋ ያልተመዘነው ባንክ ነው የወደቀው።

ከ2018 ጀምሮ ሥራ ላይ የዋለው ዓለም አቀፉ ደረጃ 9 ለመዝገብ ዋጋ ሁለት በር አበጀለት፤ ሰነዱ ዋናውንና ወለዱን ብቻ የሚከፍል መሆን አለበት፣ ባንኩም የያዘው ሊሸጠው ሳይሆን ሊሰበስበው መሆን አለበት። ምክንያታዊ ነው። ይሁንና ሁለተኛው በር በባንኩ ሐሳብ ላይ የቆመ ነው፤ የባንክን ሐሳብ ደግሞ የሚያጸናው ባንኩ ሳይሆን አስቀማጩ ነው። በ2023 የወደቀው ሲሊከን ቫሊ ባንክ ይሠራበት የነበረው የአሜሪካ ደንብም ተመሳሳይ በር ነበረው። ባንኩ በ2022 መጨረሻ እስከ መክፈያ ቀናቸው እይዛቸዋለሁ ያላቸው ሰነዶች በመዝገብ 91 ቢሊዮን ዶላር፣ በገበያ 76 ቢሊዮን ነበሩ። ልዩነቱ 15 ቢሊዮን ነው፤ መላው ካፒታሉ 16 ቢሊዮን ገደማ። ቁጥሩ ተደብቆ አልነበረም፤ በሪፖርቱ ውስጥ ተጽፏል፣ ያነበበው ግን ጥቂት ሰው ነው። መጋቢት 8 ቀን 2023 ባንኩ ሌሎች ሰነዶቹን ሸጦ 1.8 ቢሊዮን መክሰሩን ሲያስታውቅ ሁሉም ማስታወሻውን ፈልጎ አነበበ። በማግስቱ በአንድ ቀን 42 ቢሊዮን ዶላር ወጣ፤ በሦስተኛው ቀን ባንኩ ተዘጋ። የተሸጡት የአሜሪካ መንግሥት ዋስትና ያላቸው፣ ቢጠበቁ ሙሉ በሙሉ የሚከፈሉ ሰነዶች ነበሩ። ጎደለው የተባለው ገንዘብ ሳይሆን የመጠበቂያ ጊዜው ነው፤ ጊዜውን የሰጠው አስቀማጭ ጊዜውን ነጠቀ።

በአገራችን ይህ ታሪክ መልኩ ይለያል፤ ገበያው ራሱ ለረጅም ጊዜ አልነበረምና። በገበያ ዋጋ መመዘን ግን በአዲስ አበባ ለነበረ ባንክ እንግዳ ነገር አልነበረም። በ1906 በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ሥራ የጀመረው የአቢሲኒያ ባንክ ካፒታሉ በእንግሊዝ ፓውንድ ተቆጥሮ ሥራው በማሪያ ቴሬዛ ብር ነበር፤ የብሩ ዋጋ በፓውንድ ሲለካ ከብር ማዕድን የዓለም ዋጋ ጋር ይወጣና ይወርድ ነበር። ባንኮች በታኅሣሥ 1967 ዓ.ም. ተወርሰው ወለድ በመንግሥት ተመን ከታሰረ በኋላ ጥያቄው ራሱ ትርጉም አጣ። ከ1986 ዓ.ም. በኋላ የግል ባንኮች ሲመለሱም የቦንድ ገበያ አብሯቸው አልመጣም። ከዚያ በ2003 ዓ.ም. ብሔራዊ ባንክ የግል ባንኮች ከሚሰጡት አዲስ ብድር የ27 በመቶውን ያህል የአምስት ዓመት ሰነድ እንዲገዙ አዘዘ፤ ሰነዱ የሚከፍለው 3 በመቶ ነበር፣ ባንኮች ለቁጠባ የሚከፍሉት ዝቅተኛ ወለድ ግን 5 በመቶ። በዓመት 3 ብር የሚከፍል የ100 ብር ሰነድ በዚያው በ5 በመቶ ቢሰላ በተገዛበት ቀን የሚያወጣው 91 ብር ገደማ ነው፤ ባንኩ ለተበዳሪ ሊጠይቀው በሚችለው 12 በመቶ ቢሰላ ከ68 ብር አይበልጥም። ልዩነቱ ግብር ነው፤ በግብር አዋጅ ያልወጣ፣ በበጀት ያልታየ፣ በባንኩ መዝገብም «100» ተብሎ የተቀመጠ። ባንኮች ከሌላው ተበዳሪ ላይ ወለድ ጨምረው ለማካካስ ስለሞከሩ ከፋዩ በአመዛኙ ነጋዴው ነበር። መመሪያው በኅዳር 2012 ዓ.ም. ተነሳ፤ በ2015 ዓ.ም. ደግሞ ባንኮች ከአዲስ ብድራቸው የ20 በመቶውን ያህል የአምስት ዓመት የግምጃ ቤት ቦንድ እንዲገዙ የሚያዝ ሌላ መመሪያ መጣ።

እዚህ አገር ገበያ ስለሌለ ፌር ቫልዩ የምኞት ቁጥር ነው የሚሉ አሉ። ግማሹ እውነት ነው፤ ለብዙዎቹ ሰነዶች በቀን የሚነገር ዋጋ የለም። ግማሹ ግን ልማድ ነው። ኢትዮጵያ በ2007 ዓ.ም. መጀመሪያ በዓለም ገበያ የሸጠችው የ1 ቢሊዮን ዶላር ቦንድ ዋጋው በየቀኑ ሲነገር ኖሯል፤ በጥር 2013 ዓ.ም. አገሪቱ ዕዳዋን ለማሸጋሸግ ልትጠይቅ መሆኑ ሲሰማ ወዲያው ወረደ፣ በ2016 ዓ.ም. የወለዱ ክፍያ ሳይከፈል ቀረ። ያው መንግሥት በብር የገባው ቃል በአገር ውስጥ ባንኮች መዝገብ ግን ሁልጊዜ መቶ በመቶ ነበር። የሁለቱ ገንዘብ ስጋት አንድ እንዳልሆነ ይገባኛል፤ መንግሥት በብር ለመክፈል የሚያግደው ነገር ትንሽ ነው። ሆኖም በዋጋ ንረት የሚበላ 3 ብር ወለድ ያለ ስጋት ቢከፈልም ትርፍ አይሆንም። መሣሪያውም ከሞላ ጎደል ተሟልቷል። የፋይናንስ ሪፖርት አዋጅ ቁጥር 847/2006 ባንኮችን ወደ ዓለም አቀፉ ደረጃ አስገብቷቸዋል፤ ከ2010 ዓ.ም. ጀምሮ ሒሳባቸው በዚያ መንገድ ይወጣል። የግምጃ ቤት ሰነድ ከ2012 ዓ.ም. ጀምሮ ወለዱ በጨረታ ይወሰናል፤ በጥር 2017 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ሰነደ ሙዓለ ንዋዮች ገበያ ተከፍቷል። የጨረታ ወለድ ካለ በሁለተኛው ደረጃ ማስላት ይቻላል። በግድ የተገዛ የቆየ ቦንድ ወለዱ ዛሬ በጨረታ ከሚገኘው በታች ከሆነ ዋጋው ከመቶ በታች ነው፤ ይህን ለማወቅ ከሂሳብ ማሽን በላይ አያስፈልግም።

ባንኮቻችን እነዚህን ሰነዶች በመዝገብ ዋጋ መያዛቸውን አልቃወምም፤ ሊሰበስቧቸው እንጂ ሊነግዱባቸው ስላልገዟቸው ደረጃው ይፈቅድላቸዋል። ዓለም አቀፎቹ ደረጃዎች ግን የገበያ ዋጋቸው በማስታወሻ እንዲገለጽ ያዛሉ፣ ከመዝገቡ ጋር ተቀራራቢ ካልሆነ በቀር። «ተቀራራቢ ነው» የምትለው አንዲት ዐረፍተ ነገር ሙሉ ክርክሩን የምትዘጋ ስለሆነች፣ ያለ ስሌት ስትጻፍ ልንቀበላት አይገባም። በኢትዮጵያ የብዙ ባንኮች ባለቤቶች አነስተኛ ድርሻ ያላቸው በሺህ የሚቆጠሩ ሰዎች ናቸው፤ በጉባኤ ላይ የሚጠይቁት ግን ዘንድሮ ድርሻው ስንት በመቶ ነው የሚለውን ብቻ ነው። የባንክ አክሲዮን ያላችሁ አንባቢዎች፣ በሚቀጥለው ጠቅላላ ጉባኤ የሪፖርቱን የመጨረሻ ገጾች ገልጣችሁ ስለ መንግሥት ቦንዶች የተጻፈውን ማስታወሻ ፈልጉ፤ የቦርዱን ሰብሳቢም ይህ ዋጋ በስንት በመቶ ወለድ ተሰላ ብላችሁ ጠይቁ።